የደግነት ዶቃ

እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ የማውቀው ጎማ ነው። ጎማ እንደ ሰው አያስመስልም፤ ከተበሳ ይተነፍሳል፣ ካልተበሳ ይሄዳል። ስለዚህ ስለ ልጅ አስተዳደግ ማንንም ላስተምር አልመጣሁም። ግን ሰው ስለ ደግነት ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሚፈላ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ልጄ ፌንጣ ትባላለች። የመዝገብ ስሟ እንዳይመስላችሁ፣ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። በወጉ መራመድ ሳትጀምር ነው መዝለል የጀመረችው፤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ እኔ ጀርባ። ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል ለልብስ ማጠቢያ የተጣደ ውሃ ተገለበጠባት። ማን ጣደው፣ ማን ዞር አለ የሚለውን ተዉት፤ እኔና እናቷ የተባባልነውን ተባብለናል፣ በቅቶናል። ውሃው ያገኘው ግራ እግሯን ነው፣ ከጭኗ እስከ ባቷ፣ በኋላ በኩል። ቁስሉ ሲድን ደግሞ ከጉልበቷ ጀርባ ያለው ጠባሳ እየተኮማተረ እግሯን ያጥፈው ጀመር። ያን ጊዜ ፌንጣ ብዬ መጥራት አቃተኝ። በመዝገብ ስሟ ስጠራት ደግሞ እሷ ዞር ብላ አታየኝም።

ሆስፒታል እግሯን የሚያፍታታላት ባለሙያ አጭር ሰው ነው፣ ንግግሩም አጭር። «ስሙኝ አባት» አለኝ። «የዚህ መድኃኒቱ መርገጥ ነው። በየቀኑ በራሷ እግር ትሂድበት፤ ደረጃ ትውጣ፣ ትውረድ። ማታ ማታ እናንተ ጎትቱላት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ተዘርግቶ ካገኘሁት ማንም አይነካትም። ታጥፎ ከደረቀ ግን ቢላ ነው፤ ቢላ ደግሞ እንዲህ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልህም።»

እኔ በጎማ ተረዳሁት። ታጥፎ ፀሐይ ላይ የከረመ ካላማዳሪ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ አየር ሲሞሉት የሚሰነጠቀው እጥፋቱ ላይ ነው።

እናም ማታ ማታ ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ትተኛለች፣ እናቷ ፎጣ ትሰጣታለች፣ እሷ ፎጣውን ትነክሳለች፣ እኔ ጉልበቷን በመዳፌ ወደ ታች እጫናለሁ። እንዴት አንጀት እንደሚቆርጥ አትጠይቁኝ። የራስህ ልጅ በእጅህ ሥር ስትንቀጠቀጥ አለመልቀቅ ማለት ነው። ሲያልቅ ፎጣውን ከአፏ አውጥታ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች።

«ነካ አባዬ?»

ተረከዟ ምንጣፉን ነካ ወይ ማለቷ ነው። መጀመሪያ ላይ ከተረከዟ ሥር ሙሉ ጭብጤ ይገባ ነበር። ትምህርት ሊጀመር ሰሞን የሚገባው ጣቴ ብቻ ሆነ። «አልነካም፣ ግን ደርሷል» እላታለሁ። «ሲነካ እዘላለሁ!» ትላለች። እሰይ የኔ አንበሳ እላለሁ፣ እናቷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዐይኗን ትጠራርጋለች።

ሱቄ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። ሱቅ ስል አራት ቆርቆሮና አንድ ኮምፕሬሰር ነው፣ አትታለሉ። ከመጥረጊያ እንጨት ምርኩዝ ሠራሁላት፤ እንዳያንሸራትታት ጫፉን የጎማ ቁራጭ አለበስኩት። ጠዋት ጠዋት በዚያ እየተደገፈች፣ ቀስ እያለች፣ እየረገጠች መንገዱን ስትሻገር አያታለሁ። በሩን አልፋ ስትገባ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ከበሩ ወዲያ ያለውን አላይም።

መጀመሪያ ሰሞን ወላጆች ተጠራን። ዳይሬክተሯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል፣ ስትናገር እንደ ዘፈን የምታስኬደው ሴት ናት። ልጆቹ ይማታሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ እርሳስ ይሰራረቃሉ አለች፣ እኛም አንገታችንን ደፋን። «ከእንግዲህ አንቆጣም፣ አንገርፍም» አለች። «በጎ ሥራ የሠራ ልጅ አንድ ዶቃ ይሰጠዋል። ዶቃውን ግድግዳ ላይ በተሰቀለለት ክር ይሰካዋል። ሐሜት ከተናገረ፣ ካኮረፈ፣ ከተማታ ግን አንድ ይወጣበታል። ክሩ የረዘመ ልጅ ሰልፍ ላይ ወጥቶ ይጨበጨብለታል።»

ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? «ለደንበኞቼም አንድ ክር ብትሰቅሉልኝ» ብዬ ሰው አስቄያለሁ። እጄ እስኪቀላም አጨብጭቤያለሁ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ የፌንጣ እግር ወደ ኋላ ይመለስ ጀመር። ማታ ስጫነው አልታዘዝ ይለኛል። ጣቴ ብቻ ይገባበት የነበረው ክፍተት ሁለት ጣት ሆነ፣ ትንሽ ቆይቶ ጭብጤ ገባ።

«ትሄጃለሽ ወይ ትምህርት ቤት?»

«እሄዳለሁ አባዬ።»

«ደረጃውን?»

«እወጣለሁ።» ዐይኗን ግን ፎጣው ላይ ነበር ያደረገችው።

አንድ ቀን ያለ ምርኩዝ መጣች። ጠፋብኝ አለች። ሌላ ሠራሁላት። እሱም ጠፋ። «ዱላ የሚበላ ትምህርት ቤት ነው እንዴ!» አልኩና በእረፍት ሰዓት ራሴው ልፈልገው መንገዱን ተሻግሬ ገባሁ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ግቢው መሐል አንድ ልጅ ሆን ብሎ አፈር ላይ ይወድቃል፣ ሌላው ሮጦ ያነሳዋል፣ አቧራውን ያራግፍለታል፣ አስተማሪዋን ዞር ብሎ ያያል። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀና ስል ግን ልጄን አየሁ። ወንበር ላይ አስቀምጠው አራት ሆነው ተሸክመዋታል። አምስተኛው ቦርሳዋን፣ ስድስተኛው የውሃ ኮዳዋን ይዟል። አንዱ ጫማዋን ሊያስር ከአንዱ ጋር ይገፋፋል፣ «ትናንት አንተ አስረሃል፣ ዛሬ የኔ ነው!» እያለ። አንዷ ዳቦ እየቆረሰች ታጎርሳታለች። እሷ ደግሞ አንገቷን ቀለስ አድርጋ ለእያንዳንዱ «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች። እግሯ ወንበሩ ላይ እጥፍ ብሎ ተቀምጧል። መሬት የነካ እግር አልነበረም።

ክው አልኩ።

የምታጎርሳት ልጅ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ነበሩ፤ ወላቃዋ ይሏታል፣ እሷም ደስ ብሏት አቤት ትላለች። ወደ ጎን ጠራኋት።

«ማሚቱ፣ የፌንጣን ዱላ አይተሻል?»

«አዎ» አለችኝ፣ ያለ ምንም ሐፍረት። «ከሽንት ቤቱ ጀርባ ነው። ሁለቱም።»

«ማን ወሰደው?»

«እኛ። ዱላው ካለ እኛን አትፈልግማ!»

ምን ትሏታላችሁ? ሄጄ ዱላዎቹን ከሣሩ ውስጥ አወጣኋቸው፤ ጎማው ገና አዲስ ነው፣ አልተበላም።

ማታ ልጄን ይዤ ተቀመጥኩ። ልቆጣ ነበር፣ ግን ገና «ለምን ዋሸሽኝ?» ስላት ፎጣውን ማጣጠፍ ጀመረች። «እምቢ ካልኳቸው ያለቅሳሉ» አለች። «እምቢ ማለት ደግሞ ባለጌነት ነው፣ ዶቃ ያስወጣል። አመሰግናለሁ ካልኩ ግን ለኔም ይሰጠኛል።» ቀጥላም፣ «ድሮ እግርሽ ያስጠላል እያሉ ከኔ ጋር የሚቀመጥ አልነበረም አባዬ። አሁን ሁሉም ይፈልጉኛል» አለችኝ።

እናቷ ተነስታ ወጣች።

በማግስቱ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ። የክፍሉ አስተማሪም ተጠራች፤ ወጣት ናት፣ ጣቶቿ በጠመኔ የነጡ። እኔ እንግዲህ ስናደድ ድምፄን አልቆጣጠርም፤ ኮምፕሬሰር ሥር ስትውል የምታወራው በጩኸት ነው።

«ይረጋጉ እንጂ አባት!» አለች ዳይሬክተሯ። «ልጅዎ እኮ ለዚያ ክፍል በረከት ናት። ሌላው ክፍል ተሂዶ ይታይ፣ ክራቸው ባዶ ነው። የእሷ ክፍል ልጆች እንዴት ደግ እንደሆኑ...»

«የምን በረከት! መለማመጃ አደረጋችኋት እንጂ!» አልኩ። «ልጄ መሄድ አለባት። ቀጠሮዋ እየደረሰ ነው። ካልሄደች ትቆረጣለች፣ ይገባዎታል? ቢላ ነው የሚጠብቃት! እንዳይነኩልኝ። ማንም እንዳይሸከምልኝ፣ ማንም እንዳያነሳልኝ!»

ዳይሬክተሯ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አጠለቀችው። አስተማሪዋ ግን ዐይኗ እንባ ሞላ። «ልክ ነዎት» አለችኝ። «አላሰብኩትም። ነገ ጠዋት አስተካክለዋለሁ፣ ለልጆቹ በሚገባቸው መንገድ እነግራቸዋለሁ።»

በሚገባቸው መንገድ ያለችው ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ፣ እጇን ጨብጬ፣ ቀሎኝ ወጣሁ።

እውነትም ተስተካከለ! ዱላዋ አልጠፋም። ጎማው እየተበላ መጣ፣ እኔም በየማታው ዱላውን ገልብጬ እያየሁ እንደ ሞኝ ደስ ይለኛል። ተረከዟ መውረድ ጀመረ። ቀጠሮው ሊደርስ ሰሞን ጣቴን ከሥሩ ላስገባ ብሞክር ወረቀት የሚያስገባ ያህል ክፍተት ብቻ ነበር የቀረው። «ነካ አባዬ?» ስትለኝ «ነገ ወይ ከነገ ወዲያ!» አልኳት።

«ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትሽ?» አለቻት እናቷ።

«ከማንም።»

«ትናንትስ?»

«አይነኩኝም» አለች ፌንጣ።

እናቷ ቀስ ብላ፣ «አባቷ፣ የልጅቷ ፊት ልክ አይደለም» አለችኝ።

«እግሯን እዪ እንጂ አንቺ፣ ፊቷ ምን ያደርግልሻል!» አልኳት።

የቀጠሮው ዋዜማ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ያካፋል። የአንድ ታክሲ ጎማ ፈትቼ እየለጠፍኩ ነው፤ ሹፌሩ ከቆርቆሮው ሥር ተጠልሎ ቆሟል። ደወል ተደወለ፣ ልጆች መውጫ ሰዓት ነው። ትንሽ ቆይቶ ከግቢው ጭብጨባ ተሰማ።

«ምን ድግስ ነው?» አለ ሹፌሩ።

«ልጆቹን ጨዋነት የሚያስተምሩበት ነገር አላቸው» አልኩት። ጆሮዬን ሳቆም ድምፃቸው ለየልኝ። በርቺ ፌንጣ! በርቺ! በርቺ!

«የኔ ናት!» አልኩ። ልዘል ምንም አልቀረኝም ማለት እችላለሁ። «እግሯን አሟት ነበር፤ አሁን እየሄደች ነው። እያበረታቱልኝ ነው!»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ ሹፌሩ።

ጎማውን መልሼ ማሰር ጀመርኩ። ጭብጨባው ይጋጋላል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ «እእእ» ይሉና ዝም ይላሉ፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራሉ። የመጀመሪያውን ብሎን አጠበቅኩ፣ ሁለተኛውን አጠበቅኩ። አሁንም በርቺ ይላሉ፣ አሁንም እእእ ይላሉ። ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ። የምትሄድ ልጅ ይህን ያህል ጊዜ አይጨበጨብላትም። የጎማ መፍቻውን ጥዬ ሮጥኩ።

ትልቅ ሰው የሚባል ግቢው ውስጥ አልነበረም። ዘበኛው በሩ ላይ ልጆች ያሻግራል፣ አስተማሪዎቹ ስብሰባ ገብተዋል። በኋላ ስሰማ ስብሰባው የዶቃውን ነገር ለሌሎች ትምህርት ቤቶች እንዴት እናካፍል የሚል ነበር።

ልጆቹ ከክፍላቸው ደረጃ ሥር ክብ ሠርተው ቆመዋል። የማያጨበጭቡት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል። መሐላቸው ፌንጣ አለች። እርጥቡ ደረጃ ላይ ዱላዋ ከድታት ከላይ እስከ ታች ተንከባልላለች። ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ያለ ቦታው ዞሯል። በግራዋ፣ በዚያ በጠባሳው እግር፣ ለመነሳት ትሞክራለች፤ ትነሳለች፣ ያጨበጭባሉ፣ ትወድቃለች፣ እእእ ይላሉ። ከጉልበቷ ጀርባ ጠባሳው ተተርትሮ ተከፍቷል። ጭቃው ውስጥ ስትወድቅ ስትነሳ፣ ስትወድቅ ስትነሳ፣ ቁስሉ አፈር ጠግቧል። ደሙ ከዝናቡ ጋር ይወርዳል።

ወላቃዋ እያለቀሰች ነበር። ንፍጧና እንባዋ አንድ ላይ ይወርዳል፣ እጇ ግን ወደ ኋላ እንደታሰረ ነው።

«ለምን አታነሷትም!» ብዬ ጮኽኩ።

«ቲቸር አትንኳት ብላለች!» አለችኝ እየተንሰቀሰቀች። «ያልነካት ዶቃ ያገኛል። አንድ ሰው ከነካት ግን ከሁላችንም ይወጣል!»

ገፍቼያቸው ገባሁ፣ እጄን ከሥሯ ሰደድኩ። እና ልጄ፣ የገዛ ልጄ፣ እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ ባላት ጉልበት ሁሉ ገፋችኝ።

«አታንሳኝ አባዬ!» አለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። «አታንሳኝ፣ ዶቃቸው ይወጣል! እኔ እነሳለሁ!»

አነሳኋት። ስወጣ ከኋላዬ አንድ ልጅ «በቃ ወጣብን» ሲል ሰማሁ። ታክሲው ያልጠበቀ ብሎኑን ይዞ እየተንገጫገጨ ሆስፒታል አደረሰን፤ ያ ሹፌር ዕድሜ ይስጠው።

የቀኝ እግሯ ስብራት በጄሶ ዳነ፤ የልጅ አጥንት ነው። የግራው ግን ቁስሉ ጉልበቷ መገጣጠሚያ ድረስ ዘልቆ ኖሮ መገለ። ከፈቱት፣ አጠቡት፣ ደግመው ከፈቱት። ትኩሳቷ አልወርድ አለ። ያ አጭሩ ባለሙያ ከቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ጋር መጣና ዐይኔን ማየት አቃተው። ወይ እግሯን እናጣለን ወይ ጉልበቷን አሉን። ጉልበቷን ስጡ ማለት ነው። ብረት አስገብተው፣ አጥንትን ከአጥንት አጋጥመው፣ ቀጥ አድርገው ዘጉት። ከእንግዲህ አይታጠፍም። እናቷን ፈርሚ ሲሏት እስክሪብቶውን ለእኔ አቀበለችኝ፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

አስተማሪዋ ሆስፒታል መጣች። የፌንጣን ክር ይዛ ነበር፤ ከክፍሉ ሁሉ የረዘመው የእሷ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። «በቅን ልብ ነው ያደረግኩት» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

እንዲህ ብዬ ስነግራችሁ እንኳ ቆሽቴ ያርራል። ክፉ ሰው ባገኝ አንገቱን አንቄ በወጣልኝ ነበር። ሁሉም ደግ ነው! አስተማሪዋ ደግ፣ ዳይሬክተሯ ደግ፣ ልጆቹ ደግ፣ እንዳይነኩልኝ ብዬ የጮኽኩት እኔም ለልጄ ብዬ። እናቷ ክሩን ተቀብላ፣ አጣጥፋ፣ መልሳ አስተማሪዋ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው።

ወደ ቤት የተመለስን ዕለት ማታ ፌንጣ ሳንነግራት ሄዳ ምንጣፉን አነጠፈች። በክራንች ስትታገል እናቷ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች። «አትንኪኝ፣ እኔ እችላለሁ» አለች ፌንጣ። እናቷ እጇ አየር ላይ ቀረ። ልጅቷ በቂጧ ቁጭ ብላ፣ እግሯን በሁለት እጇ አንስታ አስተካክላ፣ በጀርባዋ ተኛች። ፎጣውን ፈለገች።

«ዛሬ ፎጣ አያስፈልግም የኔ ልጅ» አልኳት። «መጎተት ቀርቷል።»

«እሺ። ግን እየው።»

ተንበረከክኩ። እንደ ልማዴ ጣቴን ከተረከዟ ሥር ልሰድ ሞከርኩ።

«ነካ አባዬ?»

«ነካ።»

«እውነትህን ነው? ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ክንዷን ከራሷ ሥር አድርጋ ጣሪያውን እያየች፣ «እሰይ! ታዲያ መቼ ነው የምዘለው?» አለችኝ።

እናቷ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ጣቴን እንደገና ሰደድኩ፤ አልገባም።